የቀድሞው የኢትዮጵያ የቢስክሌት ብሔራዊ ቡድንና የአሥመራ መንገድ

ሞያሌ በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ናት። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ከተዋዋሉት የወሰን ውል ወዲህ፣ ሰሜናዊው ወገን የኢትዮጵያ፣ ደቡባዊው ወገን የኬንያ ሆኖ ይኖራል። ሕዝቡ በገበያና በጋብቻ አንድ ሲሆን የትምህርት ቤቱ ደወል ግን ለየብቻ ይደወላል። በኢትዮጵያው ወገን ያለው ተማሪ አዲሱን ዓመት በመስከረም ሲቀበል፣ በጎዶማ ያለው የአክስቱ ልጅ በታኅሣሥ ማለቂያ ይቀበላል፤ የሚማሩትም የታሪክ መጽሐፍ እንደ ቀን መቍጠሪያቸው የተለያየ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱም መጻሕፍት ሊያነሡት የሚገባ አንድ የጋራ ወር አለ። በኅዳር 1949 ዓ.ም. በአውስትራልያ አገር በሜልቦርን ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ኢትዮጵያም ኬንያም ለመጀመሪያ ጊዜ ተካፋዮች ሆኑ። ኬንያ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ከላከቻቸውም ስፖርተኞች መካከል የሆኪ ቡድን ይገኝበት ነበር፤ ተጫዋቾቹም አብዛኞቹ ወላጆቻቸው ከሕንድ አገር የመጡ ነበሩ። ኢትዮጵያ 12 ሰዎች ስትልክ ስምንቱ ሯጮች፣ አራቱ ደግሞ ቢስክሌተኞች ነበሩ። ስለ ሯጮቹና በእነርሱ እግር ስለ ተተኩት ጀግኖች ብዙ ተጽፏል፤ በየትምህርት ቤቱም ሕፃናት ስማቸውን እንደ ፊደል ያጠኑታል። ስለ ቢስክሌተኞቹ ግን ከጥቂት አዛውንት በቀር የሚናገር የለም። ነገሩ የሚያስገርመው፣ በሜልቦርን ከኢትዮጵያውያን ሁሉ ከፍ ያለውን ደረጃ ይዘው የተመለሱት ቢስክሌተኞቹ መሆናቸው ነው።

ጕዳዩ የስፖርት ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሐፍ ቦታ ባላስፈለገውም ነበር። ነገር ግን አንድ መምህር በአዲስ አበባ ወይም በሞያሌ ተማሪዎቹን «በኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ የተወዳደሩትን ቢስክሌተኞች ጥቀሱ» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልስ የሚሆኑት ስሞች አብዛኞቹ በአሥመራ ክፍል ውስጥ «የኤርትራን የቀድሞ ቢስክሌተኞች ጥቀሱ» ለሚለው ጥያቄም መልስ ይሆናሉ። የቡድኑን ታሪክ አስቸጋሪም ጠቃሚም የሚያደርገው ይህ ነው።

የቢስክሌት እሽቅድምድም ወደዚህ ምድር የገባው በኢጣልያኖች እጅ ነው። ለዚህ ምስክሩ ከመዝገብ ይልቅ አንደበት ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ዛሬም በየመንደሩ ጥገና ቤት የሚሰሙ የኢጣልያን ቅሪቶች ናቸው። በአሥመራ ከተማ የመጀመሪያው ይፋዊ የቢስክሌት ውድድር የተደረገው ሚያዝያ 13 ቀን 1929 ዓ.ም. እንደ ሆነ ይነገራል። ያ ዘመን የፋሽስት መንግሥት የዘር ልዩነትን በሕግ ያጸናበት ዘመን ነበር፤ ስለዚህ የአገሩ ተወላጆች ከመንገድ ዳር ሆነው ከመመልከት በቀር በውድድሩ ድርሻ አልነበራቸውም። ቢስክሌቱ ግን በእጃቸው ነበር። ወደ ፋብሪካው፣ ወደ ጋራዡ፣ ወደ ጌታቸው ቤት ማልደው የሚሄዱት በእርሱ ነበርና ከኢጣልያናዊው ሰነፍ አልነበሩም።

በ1931 ዓ.ም. ግድም ገዥዎቹ ተወላጆቹን ከነጮች ጋራ አብረው እንዲወዳደሩ ፈቀዱ። የፈቀዱበት ምክንያት ደግነት እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ የነጭን የበላይነት በአደባባይ ለማሳየት አስበው ነበር። ውድድሩን ያሸነፈው ግን ገብረማርያም ገብሩ የተባለው ኤርትራዊ ሆነ። ከዚያ ቀን በኋላ ማን ከማን እንደሚበልጥ በቃል መከራከር አስቸጋሪ ሳይሆን አልቀረም። ይህ ድል በትጥቅ ከተገኙት ድሎች ጋራ ባይቈጠርም፣ በጦር መሣሪያ ያልተደፈረ ትዕቢት በሁለት ጎማ የተደፈረበት ቀን በመሆኑ በአሥመራ ሰዎች ዘንድ ከልጅ ልጅ ሲወራ ኖሯል።

አሥመራ ቢስክሌተኛን የምታፈራው በልማድ ብቻ አይደለም፤ በመሬቷም ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከእርስዋ እስከ ምጽዋ ወደብ ያለው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በነፋሲትና በጊንዳዕ በኩል እየተጠማዘዘ ያንን ሁሉ ከፍታ አውርዶ ከባሕር ዳር ያደርሳል። ወጣቱ ጠዋት ሲወርድ ፍሬኑንና ልቡን ይፈትናል፤ ከቀትር በኋላ ሲመለስ ሳንባውን ይፈትናል። ቀጭን አየር ላይ ተወልዶ፣ እንዲህ ያለ ዳገት በደጁ ያለው ሰው ሌላ የማሠልጠኛ ሜዳ ሳያስፈልገው ይጠነክራል። በኋላ ዘመን ለሯጮች የተነገረው የደጋ አየር ጥቅም ለቢስክሌተኞችም ያው እንደ ነበር ማስተዋል ይገባል።

ኢጣልያ በ1933 ዓ.ም. ከተሸነፈች በኋላ ኤርትራ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ሳለች፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1946 የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር ተደረገ። የኢጣልያን ታላቁን ዙር ውድድር አብነት አድርጎ በየቀኑ ከከተማ ወደ ከተማ የሚጓዝ ነበር። አሸናፊው ኑንዚዮ ባሪላ የተባለ ኢጣልያናዊ ነበረ። ዙሩ ወዲያው ተቋርጦ፣ ዳግመኛ ሊደረግ የቻለው ከ50 ዓመት በላይ ቈይቶ በፈረንጆች 2001 ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት ኤርትራ በመስከረም 5 ቀን 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን ተዋሐደች። ጸሐፊዎች የፌዴሬሽኑን ጥቅም ሲቈጥሩ የባሕር በሩን፣ ወደቡን፣ ፋብሪካውን ይቈጥራሉ። ከነዚህ ጋራ ሳይጻፍ የቀረ አንድ ሀብት አለ፤ እርሱም የቢስክሌት ውድድር ባህል ነው። በመላው አገር ብርቅ የነበረው ስፖርት በአሥመራ ክለብ፣ ዳኛ፣ መካኒክና ተመልካች ይዞ የቈየ ነበር። የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በፈረንጆች 1954 በዓለም አቀፉ ኮሚቴ ሲታወቅ፣ ወደ ውድድር ሊላኩ ከሚችሉት ጥቂት ስፖርቶች አንዱ ቢስክሌት የሆነው በዚህ ምክንያት መሆኑ አያጠራጥርም።

ወደ ሜልቦርን የሄዱት አራቱ ቢስክሌተኞች ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታና ኃይሉ ፋና ነበሩ።

የመንገድ ውድድሩ ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም. ከሜልቦርን በስተ ሰሜን በምትገኘው በብሮድሜዶስ ተደረገ። ርቀቱ 188 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አንዱን ዙር 11 ጊዜ በመመላለስ የሚፈጸም ነበር። ገና ሳይጀመር ሁከት ተነሣ። ያልተመዘገቡ የአየርላንድ ቢስክሌተኞች ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ተቀላቅለው ተገኙ፤ እነርሱም የአገራቸውን በሁለት መከፈል አንቀበልም በማለቱ ከዓለም አቀፉ የቢስክሌት ማኅበር የተገለለው የማኅበራቸው አባላት ነበሩ። ዳኞቹ እነርሱን ለይተው እስኪያወጡ ውድድሩ ዘገየ። ኢትዮጵያውያኑ በዚያ መነሻ መስመር ላይ እግራቸውን ፔዳል ላይ አድርገው ሲጠብቁ ያዩት የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ትርኢት እንግዲህ የወሰን ክርክር ነበር። ከመካከላቸው የአንዳንዶቹ አገር በተራው በወሰን እንደሚለይ ማንም ሊገምት አይችልም ነበር።

ውድድሩን ያሸነፈው ኢጣልያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው። እርሱ በዚያው ዓመት በአንድ ሰዓት ውስጥ 46 ኪሎ ሜትር ከ394 ሜትር በመጓዝ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ፣ ሁለት ዓመት ቈይቶም የኢጣልያን ዙርና የዓለምን ሻምፒዮና የወሰደ ሰው ነበር። ከእንደዚህ ያለው ሰው ጋራ በአንድ መንገድ ላይ ተሰልፎ፣ ገረመው ደንቦባ ከመጀመሪያዎቹ 30 ቢስክሌተኞች መካከል ሆኖ ፈጸመ።

የቡድኑ ውጤት ግን ከግለሰቡ ይልቅ ብዙ የሚናገር ነው። በዚያን ጊዜ የቡድን ደረጃ የሚወሰነው ለብቻው በሚደረግ ውድድር አልነበረም፤ ከየአገሩ አራት ተወዳዳሪዎች የሦስቱ የተሻሉ ደረጃዎች ተደምረው ድምሩ ያነሰው አገር ያሸንፍ ነበር። ሁለተኛ፣ ስምንተኛና አሥራ ሁለተኛ የወጡት ፈረንሳውያን 22 ነጥብ ይዘው አንደኛ ሆኑ፤ እንግሊዞች በ23 ሁለተኛ፣ ጀርመኖች በ27 ሦስተኛ ወጡ። የአንድ ነጥብ ልዩነት ወርቅን ከብር ለየ። የሒሳብ መምህር ለተማሪው የመደመርን ዋጋ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለማግኘት ይቸገራል። በዚህ ስሌት አንድ ብርቱ ሰው ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ሦስተኛው ሰው ጎማው ፈንድቶ ወይም ጉልበቱ ከድቶት ቢቀር ቡድኑ ከነጭራሹ ደረጃ አያገኝም። ኢትዮጵያ ዘጠነኛ ሆነች። ብዙ ተወዳዳሪዎች ሳይፈጽሙ በቀሩበት ቀን ቢያንስ ሦስቱ ኢትዮጵያውያን 188ቱን ኪሎ ሜትር ጨርሰዋል ማለት ነው፤ የቢስክሌት ፋብሪካ ያላቸው፣ ከ50 ዓመት በላይ ሲወዳደሩ የኖሩ አገሮችም ከኋላቸው ቀርተዋል።

ከአራት ዓመት በኋላ ገረመው ደንቦባ እንደ ገና ከአዳዲስ ጓደኞች ጋራ ወደ ሮማ ሄደ። የሮማው የቢስክሌት ውድድር በኦሊምፒክ ታሪክ በክፉ የሚታወስ ነው። ነሐሴ 20 ቀን 1952 ዓ.ም. በተደረገው የ100 ኪሎ ሜትር የቡድን ውድድር ቀን፣ ወደ 40 ዲግሪ በተጠጋ ሙቀት፣ ክኑድ ኤኔማርክ ዬንሰን የተባለ የዴንማርክ ቢስክሌተኛ ከቢስክሌቱ ላይ ወድቆ ሞተ። በኋላም አበረታች መድኃኒት ወስዷል ተብሎ ብዙ ተከራክሯል፤ በስፖርት የመድኃኒት ምርመራ እንዲደረግ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይህ ሞት ነው። የኢትዮጵያ ቡድን በሮማ የሚነገር ውጤት አላገኘም። ጳጕሜን 5 ቀን ማታ ደግሞ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ፤ ከዚያች ማታ ጀምሮ የኢትዮጵያ ስፖርት በዓለም ፊት የእግር ስፖርት ሆነ። የቢስክሌተኞቹ ስም የተሸፈነው በማንም ክፋት አይደለም፤ ከአጠገባቸው እጅግ ብሩህ ብርሃን ስለ በራ ነው።

በቶኪዮ፣ በሜክሲኮና በሙኒክ፣ ማለት ከ1957 እስከ 1964 ዓ.ም. በተደረጉት ሦስት የኦሊምፒክ ውድድሮች፣ ለኢትዮጵያ ከተሰለፉት መካከል ፍስሐጽዮን ገብረየሱስ፣ ሚካኤል ሳሊምቤኒ፣ የማነ ነጋሲ፣ ተከስተ ወልዱ፣ መሐሪ ዑቅባሚካኤልና ርእሶም ገብረመስቀል ይገኙበታል። አስተዋይ አንባቢ ስሞቹን ሲያይ ብዙዎቹ ከየት እንደ መጡ አያጣውም። ከመካከላቸው አንዱ የኢጣልያ የቤተሰብ ስም የያዘ መሆኑም የአሥመራን ታሪክ ባጭሩ ይናገራል፤ አያቱን ከውድድር ያገደው ሕግና የልጅ ልጁ የለበሰው የኢትዮጵያ መለያ በአንድ ከተማ ውስጥ በ30 ዓመት ርቀት ብቻ ተከታትለዋል።

የእግር ኳስ ታሪክም ተመሳሳይ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ የአሥመራ ልጅ ነበር። ልዩነቱ ዋንጫው በመምጣቱ ነው፤ ዋንጫ የያዘ ሰው ፎቶግራፉ በየቤቱ ይሰቀላል፣ 188 ኪሎ ሜትር ፈጽሞ ዘጠነኛ የወጣ ሰው ግን ቢስክሌቱን ጠርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

እነዚህ ሰዎች ለኢትዮጵያ በተወዳደሩባቸው ዓመታት ከበስተኋላቸው ምን ይደረግ እንደ ነበር ካልታሰበ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። በኤርትራ የትጥቅ ትግሉ የተጀመረው በነሐሴ ማለቂያ 1953 ዓ.ም. ነው፤ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ አንዲት ጠቅላይ ግዛት የሆነችው ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። የቶኪዮ ቡድን የተሰለፈው ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነበር። ስለዚህ በኋላ ዘመን ሁለት ዓይነት አነጋገር ተፈጠረ። በአዲስ አበባ በኩል ቡድኑ የአንድነት ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል፤ በአሥመራ በኩል ደግሞ የኤርትራ ልጆች በሌላ ሰንደቅ ዓላማ ሥር እንዲጋልቡ የተገደዱበት ዘመን ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ሁለቱም ለቢስክሌተኞቹ ያልተናገሩትን ቃል ያናግሯቸዋል። የሃያ ዓመት ወጣት በዓለም ትልቁ ውድድር ላይ ለመሰለፍ ይመኛል፤ ወደዚያ የሚወስደው መለያ አንድ ብቻ ከሆነ ያንን ይለብሳል። በልቡ የነበረው የአገር አሳብ ከአንዱ ወደ አንዱ የተለያየ እንደ ነበር መገመት ይቻላል፤ መዝገቡ የያዘው ግን የሄዱበትን መንገድና የደረሱበትን ደረጃ ብቻ ነው።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ የቢስክሌቱ ነገር እየቀዘቀዘ ሄደ። ጦርነቱ በኤርትራ መንገዶች ላይ በተስፋፋ ጊዜ ከከተማ ወደ ከተማ የሚጋለብበት መንገድ የኬላና የፈንጂ መንገድ ሆነ። በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአፍሪካ አገሮች አድማ ምክንያት ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቀረች። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ግን ሞስኮ ላይ ሙሉ ቡድን ቀረበ፤ ጀማል ሮጎራ፣ ሙሴ ዮሐንስ፣ ጥላሁን ወልደሰንበት፣ አየለ መኰንን፣ ዘርዓጋብር ገብረሕይወትና ኃይለሚካኤል ከድር ነበሩ። ስሞቹን ከሙኒክ ስሞች ጋራ ለሚያስተያይ ሰው ቡድኑ ከልዩ ልዩ ወገን የተውጣጣ መሆኑ ይታየዋል። ያን ጊዜም ቢሆን የአገሩ ዓይን ሁሉ በምሩጽ ይፍጠር ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በሎስ አንጀለስም በሴኡልም ኢትዮጵያ አልተገኘችም፤ አንድ ቢስክሌተኛ በጉልበቱ የሚቈይበት ዕድሜ በሙሉ በፖለቲካ ምክንያት አለፈ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ኤርትራ ነጻነትን መርጣ፣ ግንቦት 16 ቀን በይፋ ራሷን የቻለች አገር ስትሆን የቀድሞው ቡድን ታሪክ በዚያው ተዘጋ።

አገር ሲለወጥ የቡድን ታሪክ ለማን እንደሚቀር በሌላውም ዓለም የተነሣ ጥያቄ ነው። የሶቪየት ኅብረት የሞተር ብስክሌት ስፒድዌይ ቡድን ለዚህ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ስፒድዌይ ማለት አራት ተወዳዳሪዎች ፍሬን በሌለው ሞተር ብስክሌት፣ በአንድ ማርሽ ብቻ፣ በእንቁላል ቅርጽ በተሠራ የአፈር ሜዳ ላይ አራት ዙር የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው፤ መጠምዘዣው ላይ ሲደርሱ የኋላውን ጎማ እያንሸራተቱ በግራ እግራቸው መሬቱን ይደግፋሉ። የሶቪየት ቡድን በዓለም የቡድን ዋንጫ በፈረንጆች 1964፣ 1971ና 1972 ሁለተኛ ወጥቷል። ዝነኛው ተወዳዳሪ ኢጎር ፕሌኻኖቭ፣ በ1964ና በ1965 በዓለም ሁለተኛ የሆነው፣ የኡፋ ከተማ ሰው ነበር። መንግሥቱ ሲፈርስ ኡፋ በሩስያ ውስጥ ስትቀር፣ የስፒድዌይ ሜዳ ያላቸው የዳውጋቭፒልስ ከተማ በላትቪያ፣ የሪቭኔ ከተማ በዩክሬን ቀሩ። በውጤት መዝገቡ ግን «ሶቪየት ኅብረት» የሚለው ስም ለብቻው ስለ ተጻፈ ማንም ወራሽ ብቻውን ሊጠቀልለው አይችልም። ለሞያሌ አንባቢ የሚቀርበው የኬንያ ሆኪ ቡድን ደግሞ በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ነው፤ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ስድስተኛ፣ በ1971 በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ አራተኛ የወጣው ቡድን፣ ያፈራው የሕንዳውያን ማኅበረሰብ ብዙው ወደ እንግሊዝና ወደ ሌላ አገር ሲሰደድ ቀስ በቀስ ደከመ። በኬንያ ወሰኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰዉ ነው።

የኢትዮጵያ ቡድን ዕጣ ከሁለቱም ይለያል። የሶቪየት ስም ጠፋ፤ የኢትዮጵያ ስም ግን አልጠፋም። ስለዚህ በኦሊምፒክ መዝገብ የፍስሐጽዮንም የተከስተም ውጤት «ኢትዮጵያ» በሚለው ስም ሥር ተጽፎ ይኖራል፤ ይህም ትክክል ነው፤ የተወዳደሩት ለእርሷ ነበርና። በኤርትራ የስፖርት ታሪክ ውስጥም ይጠራሉ፤ ይህም ትክክል ነው፤ መጋለብ የተማሩት እዚያ ነበርና። ስሕተት የሚሆነው አንዱ ወገን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሲሠርዝ ነው። በኢትዮጵያ በኩል የደረሰው ጕዳት ደግሞ ከመሠረዝም የከፋ መዘንጋት ነው፤ አሥመራ ስትሄድ የቢስክሌቱ ትዝታም አብሮ እንደ ሄደ ተቈጥሮ፣ እንደ ገረመው ደንቦባ ያሉት ሁለት ኦሊምፒክ የተካፈሉ ሰዎች እንኳ ከመማሪያ መጻሕፍት ውጭ ቀሩ። አንድ አገር የሩጫ ጀግኖቹን ማክበሩ መልካም ነው፤ በዚያ ምክንያት ሌላ ስፖርት እንዳልነበረው ሆኖ ልጆቹን ማስተማሩ ግን ታሪክን ማሳጠር ነው።

ስፖርቱ ራሱ ግን በኢትዮጵያ አልሞተም፤ ወደ ትግራይ ተሻገረ። መቀሌና አካባቢዋ የደጋውን አየርና ዳገቱን ከአሥመራ ጋራ ይጋራሉ፤ በዚያም የንግድና የኢንዱስትሪ ድርጅቶች ስም የያዙ ክለቦች ተቋቁመው የብሔራዊው ቡድን መፍለቂያ ሆኑ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የተደረገው የሁለቱ አገሮች ጦርነት የዘጋው ድንበር ለ20 ዓመት ያህል አልተከፈተም ነበር፤ ስለዚህ በመቀሌና በአሥመራ የሚሠለጥኑ ወጣቶች፣ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ እንኳ ሳይራራቁ፣ የሚገናኙት በሦስተኛ አገር ብቻ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ጦርነትም የክለቦቹን ሥራ ሁለት ዓመት ያህል አቋረጠው።

በኤርትራ በኩል ፍሬው ታላቅ ነው። ዳንኤል ተክለሃይማኖት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ ዙር ውድድር የዳገት ንጉሥ የሚለብሰውን ቀይ ነጠብጣብ መለያ ከአፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆኖ ለበሰ፤ የአሥመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በዚያው ዙር ሦስት ቀን አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ መለያ እስከ ፍጻሜው ያዘ። ገብረማርያም ገብሩ ካሸነፈበት ቀን 85 ዓመት ሆኖ ነበር።

የትግራዩ ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ በዚያው በፈረንሳይ ዙር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ሰኔ 25 ቀን 2008 ዓ.ም. ውድድሩ በሰሜን ፈረንሳይ ከሞን ሳን ሚሼል ሲነሣ ዳንኤል ተክለሃይማኖትም በዚያው ሰልፍ ውስጥ ነበር። በዚያን ጊዜ በሁለቱ አገሮች መካከል መንገድ የለም፣ ስልክ የለም፣ አውሮፕላን የለም። ሁለቱ ሰዎች የለበሱት የየአገራቸውን ቀለም ሳይሆን የቀጠሯቸውን ቡድኖች መለያ ነበር፤ አንዱ የላምፕሬ ሜሪዳን፣ ሁለተኛው የዳይሜንሽን ዳታን። ሰንደቅ ዓላማው ሲወርድም ከሌሎቹ ጋራ አብረው ጋለቡ።